ከቦዩ ማዶ የነበረው ካሳቫ

ልጆቼ ካሳቫ ሲበሉ ተቀምጬ አላውቅም። ቆሜ ነው የማያቸው። መጀመሪያ እኔ እቀምሳለሁ፤ ምላሴ ላይ አቆየዋለሁ፤ መረር ካለኝ ድስቱን እንዳለ እደፋዋለሁ። ባሌ «ከሱቅ የገዛሽውንም ትፈሪያለሽ?» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። እሱ ያደገበት ቤት ከድስት ውስጥ ሞት ወጥቶበት አያውቅም። እኔ ክፉውን አስቀድሜ የማስብ ሴት ነኝ። ልጅ ትምህርት ቤት ዘግይቶ ከቀረ መኪና ገጭቶታል፤ ስልክ በማለዳ ከጮኸ ሰው ሞቷል። እንዲህ ሆኜ አልተወለድኩም። አባቴ ነው እንዲህ ያደረገኝ፤ ይህን ለመናገር ደግሞ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ምክንያቱም እስካድግ ድረስ እናቴ ናት ብዬ አምን ነበር።

እናቴ የአክስቴን ልጅ የገደለች ይመስለኝ ነበር።

የእናቴ ማሳ ከጓሯችን ጀምሮ ቁልቁል እስከ ወንዙ ይወርዳል። ለማያውቅ ሰው ዝርክርክ ነው። ቅጠሉ ሰፊ የሆነው፣ እንደ ጣት የቀጠነው፣ አገዳው ቀይ የሆነው፣ አመድማው፣ ሁሉም ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ ነው የሚያድገው። እናቴ ግን አንዱን ከሌላው አታምታታም። ስም አላቸው። ስሙን ያወጡት ሴቶች ስለሆኑ ደግሞ ስሙ ሁሉ ነገረኛ ነው። ቶሎ የሚደርሰው «አታስጠብቂኝ» ይባላል። ሲቀቅሉት የሚፈራርሰው «ጥርስ የለሽ»። ላዩ ወፍሮ ውስጡ ጭራሮ የሆነው «አማቼ»። አንዱን ማንም አልተከለውም፤ ከወደቀ ፍሬ ራሱ በቅሎ እናቴ ስታርም አገኘችው። እኛ ዘንድ ሳይተከል የበቀለ ካሳቫ አይነቀልም፤ አድጎ ሥሩ እስኪቀመስ ይጠበቃል። እሱን «እንግዳ» አለችው። «ምን ይዞ እንደመጣ ሳይታይ እንግዳ አይባረርም» ትል ነበር።

ማሳውን መሐል ለመሐል ቦይ ያቋርጠዋል። ከቦዩ ወዲህ ያለው ጣፋጩ ነው፤ ነቅለሽ፣ ልጠሽ፣ ቀቅለሽ ትበያለሽ። ከቦዩ ማዶ ያለው መራራው ነው፤ ስሙ «ሌባ አስለቅስ»። ከርከሮ አይነካውም፣ ዝንጀሮ አይነካውም፣ ሌባም አንዴ ከሞከረው አይደግመውም። ዝናብ ቀርቶ ጣፋጩ ሲጠወልግ እሱ መሬት ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል። ግን ከነመርዙ ነው የሚጠብቅሽ። ተልጦ፣ ተፍቆ፣ ውኃ ውስጥ ሰንብቶ፣ በጆንያ ተጨምቆ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ተወቅጦ ዱቄት ሲሆን ነው ምግብ የሚባለው። ያን ጊዜ ሕፃን ቢበላው ምንም አይለውም።

ማሳ ላይ እያለ በቅጠሉና በአገዳው ይለያል። ተነቅሎ ከአገዳው ከተቆረጠ በኋላ ግን የሁለቱ ሥር መንታ ነው፤ እናቴም አትለየውም። ቦዩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እኛ ቤት ልጅ መራመድ ሲጀምር ከእሳት ቀጥሎ የሚማረው ይህን ነበር፦ ማዶ የተነቀለ ቦዩን አይሻገርም። የሚነከርበት ጉድጓድም፣ የሚሰጣበት ሰሌንም እዚያው ማዶ ነው። የሚሻገረው ዱቄቱ ብቻ ነው።

አባቴ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነበር። ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል፤ የሚጽፈው አንዱ ብቻ ነው። እናቴ እንኳ ሰው ፊት «ሊቀመንበር» ብላ ነበር የምትጠራው። በጣም እወደው ነበር። ከስብሰባ ሲመለስ የወረቀትና የላብ ሽታ ይሸታል፤ ያ ለኔ የትልቅ ሰው ሽታ ነበር።

አንድ ቀን ከግብርና ቢሮ የመጣ ባለባርኔጣ ሰው በረንዳችን ላይ ተቀምጦ ስለ አዲስ ካሳቫ አወራ። አዲሱ የእናቴን ሦስት እጥፍ ይሰጣል አለ። ውሸቱን አልነበረም፤ በመጀመሪያው ዓመት ሰጥቷል።

«ጥሩ ነዋ፣ እተክለዋለሁ» አለች እናቴ። «ከላይ ጦም ያደረ መሬት አለ። የነበረውን ግን ለምን ነው የምነቅለው?»

«ኃላፊዎች ለጉብኝት ይመጣሉ፣ እመቤት። ማሳው አንድ ወጥ ካልሆነ አይታይም።»

«ማሳ የሚተከለው ሊታይ ነው እንዴ?»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይነቀላል» አለ። «የሊቀመንበሩ ማሳ ካልቀደመ ማን ይቀድማል?»

እናቴ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ገባች። እኔ በልጅ ልቤ ተናደድኩባት። እንግዳ ፊት አባቴን አሳፈረችው ብዬ።

የመንቀያው ቀን እናቴ ወፍጮ ቤት ሄዳ ነበር። አባቴ ሆን ብሎ እንደላካት ያወቅሁት በኋላ ነው። አዲሱን አገዳ የጫነው መኪና መንገድ ዳር ቆሟል፤ ሹፌሩ «ከቀትር በፊት ካልተመለስኩ» እያለ ያጉረመርማል። ወጣቶቹ በሁለቱም የቦይ ዳር ገብተው እየተሽቀዳደሙ ይነቅላሉ። ሥሩ ከመሬት ሲላቀቅ እንደ ጉልበት ይንቋቋል። እጄ በፈሳሹ ተጣብቆ ነበር፤ ከሥሩ እየተቆረጠ የሚቃጠለው አገዳ ጭስ ዓይኔን ይቆጠቁጠዋል፤ ሰው ይስቃል፣ ይዘፍናል። ሰርግ ነበር የመሰለኝ። ሥሩን ሁሉ ከወዲህም ከማዶም እየወረወሩ መንገድ ዳር ከመሩት። ከኔ ቁመት ይበልጥ ነበር።

እናቴ የዱቄት ጆንያዋን ተሸክማ ስትመጣ ቆመች። ጆንያው ከራሷ ላይ ወረደ፤ ያወረደችው አልመሰለኝም፤ የወደቀ ነው።

«ማነው የደባለቀው?»

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት» አለ አባቴ። «ሰው ይከፋፈለዋል። እንዳይባክን።»

«የማዶውም አለበት?»

«የማዶው ከሥር ነው የተደረገው። ከላይ ያለው የወዲሁ ነው።»

«ቆመህ አይተሃል?»

አባቴ ወደተሰበሰበው ሰው ዞሮ «ከላይ ከላይ ውሰዱ» አለ።

እኔ ቆሜ ሳይ ነበር የዋልኩት። ወጣቶቹ ከሁለቱም ወገን እየሮጡ፣ ማን አርቆ ይወረውራል እየተባባሉ ሲጥሉ አይቻለሁ። ክምሩ ታችና ላይ የሚባል ነገር አልነበረውም። ግን የአባት ቃል ከልጅ ዓይን ይበልጣል። ከላይ ያለው የወዲሁ ነው ካለ፣ የወዲሁ ነው።

እናቴ ክምሩ ፊት ሄዳ እጆቿን ዘረጋች። ነጠላዋ ወድቋል፤ ፊቷ በዱቄት ነጭ ሆኗል። «ስሙኝ» አለች፤ ድምጿ ሰው ፊት ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም ነበር። «ከዚህ ክምር የበላ ሰው ይሞታል። አልሰማንም እንዳትሉ። የበላ ይሞታል።»

አባቴ ሳቀ። «ስስት ይዟት ነው» አለ። «ለምርቷ ሳስታ ነው። ውሰዱ፣ ውሰዱ።»

ሰው አብሮት ሳቀ። አንዲት ሴት «እርግማኗን ይዛ ትግባ» አለች። እኔም እርግማን ነው ብዬ ነው የሰማሁት። በዱቄት የተለወሰ ፊቷ ያስፈራ ነበር። እናቴ ለሰው ከምትሰጥ ሰው ቢሞት የምትመርጥ መሰለኝ፤ ከመሬት በታች መግባት አማረኝ።

አክስቴ፣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ ቅርጫት ይዛ ቆማለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቿንና ትንሹን ልጇን ድንቡሼን ይዛ በአባቴ ስም ባለ መሬት ላይ ነበር የምትኖረው። እናቴን አየች፤ ወንድሟን አየች።

«ምን ትገላመጫለሽ፣ ውሰጂ እንጂ» አላት አባቴ። «እኔ እያለሁ?»

ወሰደች።

ስለ ድንቡሼ ብዙ አልጽፍም። አምስት ዓመቱ ነበር፤ ጉንጩ የፊቱን ግማሽ ይይዝ ነበር፤ የተቀቀለ ነገር ሳይበርድ እየነፋ ነው የሚበላው። ያን ቀን እህቶቹ ውኃ ሊቀዱ ሄደው እሱ ቀድሟቸው በላ። ከዚያ አስመለሰው፤ ከዚያ «እግሬ የለም» አለ። በጋሪ ወደ ጤና ጣቢያ ይዘውት ሲሮጡ ጋሪው እየተንኳኳ በቤታችን በር አለፈ። ሲመለስ ቀስ ብሎ ነበር የመጣው፤ አይንኳኳም። ሌሎችም ታመው ነበር፤ ተረፉ። በሰፈሩ ሙሉ ድስት ሲደፋ ዋለ።

ስብሰባው የተጠራው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው። እኛ ልጆች ከውጭ መስኮቱ ላይ ተንጠላጥለናል። ባለባርኔጣው መጥቷል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «እንዴት ሊሆን ቻለ?» ብሎ ጠየቀ። አባቴ ተነሣ። ኪሱ ላይ ያሉትን እስክሪብቶዎች አስተካከለ።

«ሚስቴ ናት» አለ። «መራራውን ተይ እያልናት አሻፈረኝ ብላ ስታበቅል የኖረችው። አሁን እንኳ ሲነቀል ምን እንዳለች ሁላችሁም ሰምታችኋል።»

ሰምተዋል። ሁሉም ሰምቷል። «ረገመች፣ ሰመረላት» የሚል ሹክሹክታ ከወንበር ወንበር ሲሄድ መስኮቱ ድረስ ደረሰኝ። ሴትየዋ አደጋውን አይታ ጮኸች፤ ጩኸቷን መልሰው ማስረጃ አደረጉባት። ይህ ዛሬ ነው የሚታየኝ። ያን ጊዜ ግን ጥፍሬን እየበላሁ፣ እውነት ነው፣ እኔም ሰምቻለሁ፣ እያልኩ ነበር።

እናቴ አንድም ቃል አልተናገረችም። አክስቴ ከወዲያኛው ጥግ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ ወደ እናቴ ታያለች። እንዲህ ያለ ጥላቻ አይቼ አላውቅም ነበር። ትገድላታለች ብዬ ፈራሁ። ዛሬ ያንን ክፍል ሳስበው ማን የት እንደተቀመጠ ይታየኛል። ከእናቴ ጎን ተቀምጦ የነበረው አባቴ ነው።

መራራው ከምድራችን እንዲጠፋ ተወሰነ። የተገኘበት ሰው እንደሚቀጣ ተነገረ። አባቴ ወጣቶቹን አስከትሎ ገጀራ ይዞ በየጓሮው ዞረ። እናቴም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ጠፋ፤ «መራዧ» ሆነች። ከጉድጓድ ውኃ ስትቀዳ ሴቶቹ እንስራቸውን ያርቃሉ። ልጆች እንኳ ከኔ ጋር ቆሎ አይካፈሉም ነበር፤ ከእጄ ምን ይወጣል ብለው።

እኔም ከእጇ መብላት ተውኩ። አፌን ገጥሜ እቀመጣለሁ። እናቴ አልመታችኝም፣ አልለመነችኝም። ሳህኑን ከፊቴ ታነሣና አንድ ጉርሻ ትበላለች፤ ዓይኔን እያየች ታኝካለች፤ ትውጣለች፤ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። እኔም እጠብቃለሁ፤ ትሞት እንደሆነ። ካልሞተች እበላለሁ። ይህን ምሳም እራትም አደረግን፣ ለስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ልጄ አንድ ቀን እንዲህ ዓይኗን አፍጥጣ ብትጠብቀኝ ምን እንደምሆን አስባለሁ፤ ከዚያ ማሰቡን እተዋለሁ። አባቴ ያንኑ ገበታ ቀርቦ ይበላ ነበር። አንድ ቀን እንኳ «ልጄ፣ ብዪ፣ እናትሽ ምንም አላደረገችም» አላለኝም።

ፍለጋው በነበረበት ሰሞን አንድ ማለዳ እናቴ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ በጓሮ በር ስትወጣ አየኋት። ተከተልኳት። ወደ አክስቴ ቤት ነበር የሄደችው። ከለቅሶው ወዲህ እዚያ ደጃፍ አልደረሰችም። አክስቴ በአጥሩ ቀዳዳ እጇን ዘርግታ ጥቅሉን ተቀበለች፤ ከዚያ እናቴን ክንዷን ይዛ ሳበቻት። ከፍየሎቹ ጉሮኖ ጀርባ ሁለቱም ቁጢጥ ብለው በእጃቸው አፈር ሲቆፍሩ በአጥሩ ስንጥቅ አየሁ። አይነጋገሩም። ጥቅሉ ሲፈታ እንደ በርበሬ ቀላ ያሉ አጫጭር እንጨቶች ነበሩበት፤ አንድ በአንድ ዘመም አድርገው ቀበሯቸው። አክስቴ አፈሩን በመዳፏ ስትጠቀጥቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እናቴ መተት እያስቀበረቻት ነው አልኩ በልቤ። ልጇን ገደለች፤ አሁን እሷን ልትጨርሳት ነው፤ አክስቴ ደግሞ ኀዘን አደንዝዟት የሚሠራባትን አታውቅም። ቤት ሮጬ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባሁ። አባቴ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲለኝ «ሆዴን» አልኩት። ብነግረው እናቴን ይወስዷታል፤ እናት የሌላት ልጅ ደግሞ ምን እንደምትሆን አይቻለሁ። ስለዚህ ዝም አልኩ፤ አክስቴ እስክትሞት ጠበቅሁ። አልሞተችም።

ይልቁንም ምላስ አወጣች። በገበያ ቀን እናቴ ብቅ ስትል አክስቴ ከሽንኩርቷ ጀርባ ትነሣለች።

«ድስታችሁን ክደኑ፣ መራዧ መጣች።»

ሰው ይስቃል።

«ጥላዋ ያረፈበትን ቲማቲም እጠቡት። አለዚያ እሱን ሳይሆን ጥላዋን ነው የምትበሉት።»

እናቴ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። እኔ ከኋላዋ ቀሚሷን ይዤ እፈጥናለሁ። አንዴ አክስቴ «አማቴም እንደሷ ነበረች፤ እሷ ግን የምትመርዘው በወሬ ብቻ ስለነበር ብዙ ዓመት ኖርን» ብላ ገበያተኛውን ሁሉ ስታስቅ፣ የእናቴ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ታለቅሳለች ብዬ አለቀስኩላት። ከዚያ ቀን በኋላ ሳልጠብቅ ከእጇ በላሁ።

አዲሱ ካሳቫ ሁለት ዓመት ጥሩ ሆነ። ኃላፊዎች መጡ፤ ከአባቴ ጋር ፎቶ ተነሡ። በሦስተኛው ቅጠሉ ቢጫ ነጠብጣብ አወጣ፤ ተጨማደደ፤ እንደ ታመመ ልጅ ጣት ተኮማተረ። ሁሉም አንድ ዓይነት ስለነበር ሁሉም በአንድ ጊዜ ታመመ፤ ከአንዱ ማሳ ሌላው የሚበደረው ጤነኛ አገዳ አልነበረም። ሥሩን ሲነቅሉት እንደ ገመድ ቀጥኖ ወጣ። በዚያው ዓመት ዝናብ ዘገየ።

ያን ጊዜ ነው አክስቴ የጓሮዋን በር የከፈተችው። ከጉሮኖው ጀርባ ጀምሮ እስከ አጥሩ ድረስ «ሌባ አስለቅስ» ቆሟል፤ ከሰው ቁመት በላይ፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ አንዲት ቢጫ ነጠብጣብ የለበትም። በመሐሉም «እንግዳ» እና «አታስጠብቂኝ» አሉ። ማንም አልፈለገባትም ነበር። የትኛው ፈታሽ ነው ልጇን የገደለ ካሳቫ እናትየዋ ጓሮ ውስጥ አለ ብሎ የሚገባው? አባቴ ደግሞ እዚያ በር ላይ መድረስ አልቻለም፤ ዓይኗን ማየት ፈርቶ ሁልጊዜ አልፎት ይሄድ ነበር።

ሰው በየተራ መጥቶ አገዳውን ወሰደ፤ ሥሩን ወሰደ፤ ከእናቴ ዘንድ እየቀረበም ስንት ቀን እንደሚነከር ጠየቀ። ነገረቻቸው። እኛም እነሱም ከረሃብ ወጣን። ማንም ግን ይህ ከየት መጣ ብሎ አልጠየቀም። ስሟንም አልመለሱላትም። «መራዧ እንዳለችው ሦስት ቀን ንከሪው» እያሉ ነበር የሚነጋገሩት። አገዳውን ተቀብለው ስድቡን አብረው ቤታቸው አስገቡት። ረሃቡ ሲያልፍ ሌላ አዲስ በመኪና መጣ፤ መራራውን እንደገና ጣሉት። እሱም አክስቴ ጓሮ ብቻ ቀረ።

እውነቱን የነገረችኝ አክስቴ ናት፤ የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ልትጠይቀኝ ስትመጣ። ያመጣችልኝን ዱቄት ሳልነካ ጥግ ላይ ሳስቀምጠው አየችኝ።

«አሁንም የመረዘችው እናትሽ ናት ነው የምትዪው?» አለችኝ።

ዱቄቱን ዞሬ አየሁት። ነገረችኝ። ክምሩን፣ ወንድሟን፣ ማለዳ የመጣውን ጥቅል። እናቴ ከእሳቱ ደብቃ ያተረፈችውን አገዳ ላኪልኝ ብላ የለመነችው እሷ ራሷ ነበረች።

«ልጅሽን የገደለውን?» አልኳት።

«ልጄን እንጨት አልገደለውም። እንጨቱ ባሕርዩን ደብቆ አያውቅም፤ ቦዩ ማዶ ቁጭ ብሎ ነበር። ያሻገረው ሰው ነው የገደለብኝ። ደግሞ ሁለት ሴት ልጆች ቀርተውኛል። ዝናብ ሲቀር ወንድሜን ቀቅዬ ላበላቸው?»

«ገበያ ላይ ስትሰድቢያትስ?»

አክስቴ ሳቀች። «እኔ ስድብ የት አውቅና? እናትሽ ናት የምታስጠናኝ። ከተዋደድን ይጠረጥራሉ አለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ መጥታ ‹የባለፈው ሳምንቱ ልፍስፍስ ነበር› ብላ ትወቅሰኛለች። የአማቴን ነገር ስጨምርበት ሳቋን መያዝ አቅቷት ነበር፤ አላየሻትም?»

አይቻታለሁ። አልቅሼላታለሁ።

ሳቋን ገታ አድርጋ «ግማሹ ግን የምር ነበር» አለችኝ። «ለወንድሜ የሚገባውን ለሷ ነበር የምሰጣት። ለሱማ ብሰጠው መሬቱ በስሙ ነው፤ የት እሄዳለሁ? እሷም ታውቃለች። ሸክሜን ነው የተሸከመችልኝ።»

ወደ እናቴ ሄጄ ለምን ዝም አልሽ አልኳት። «አባትሽ ነው» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። በዚያ መልስ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ። በሷም እናደዳለሁ። ለአባት ክብር ተብሎ እናቱን የሚፈራ ልጅ ማሳደግ ምን የሚሉት ነው?

ባለፈው ዓመት ልጆቼን ይዤ ቤተሰብ ጥየቃ ሄጄ ሳለ አንዲት ነጭ መኪና መጣች። አንዲት ትሑት ወጣት ሴትና ረዳቷ ነበሩ። ጥንታዊ የካሳቫ ዓይነቶች እየጠፉ ስለሆነ አገዳ ሰብስበን በዘር ባንክ ማቆየት እንፈልጋለን አሉ። ሽማግሌ ማንን እናናግር ብለው ጠይቀው ወደ አባቴ ተልከዋል። አባቴ ከዘራውን ይዞ ወደ አክስቴ ጓሮ መራቸው። እናቴና አክስቴ ደጅ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ፤ እኔ ትንሹን ልጄን ይዤ አጠገባቸው ነኝ።

«ይኸውላችሁ» አለ አባቴ፣ በከዘራው እያመለከተ። «በአካባቢው የቀረው ይህ ብቻ ነው። እኛ ነን ጠብቀን ያቆየነው። ስንት መከራ አሳልፈንበታል።»

እኛ።  አፌን ስከፍት እናቴ ጉልበቴን ያዘች። ወጣቷ መቁረጫዋን አውጥታ ወደ አገዳው ተጠጋች።

«ቆይ ልጄ» አለች አክስቴ። «አይቆረጥም።»

«ጥቂት ቁራጭ ብቻ ነው፣ እማማ። አገዳው አይጎዳም።»

«አንቺን አይደለም የምከለክለው። ወንድሜ ወሬ ጀምሯል፤ ይጨርሰው። እኔ አርጅቻለሁ፤ ልጆቼ ከተማ ናቸው፤ እኔ ስሞት ይህም አብሮኝ ይሞታል። ይሙት። ወሬው ካላለቀ ከዚህ ጓሮ አንድ እንጨት አይወጣም።»

«ምን ትያለሽ አንቺ?» አለ አባቴ።

«ክምሩን ማነው የደባለቀው?»

«የቆየ ነገር ነው።»

«የቆየ ከሆነ ማውራቱ አይከብድህም።»

ወጣቷ አንዴ እሷን አንዴ እሱን ታያለች። አባቴ ከዘራውን ከግራ ወደ ቀኝ እጁ አዛወረው። «ትእዛዝ ነበር» አለ። «በችኮላ ተደባለቀ።»

«ሥሩ እግር አውጥቶ ነው ቦዩን የተሻገረው?»

«ደባለቅነው።»

«እናንተ ማናችሁ? እኔ ቤቴ ነበርኩ። እሷን ወፍጮ ቤት ልከሃታል።»

አባቴ መሬት መሬት አየ። ሽማግሌ ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን አዝንለት ነበር። «እኔ ነኝ» አለ።

«ከላይ ከላይ ውሰዱ ያለውስ?»

«እኔ ነኝ አልኩሽ።»

«ስብሰባ ላይ ሚስቴ ናት ያለውስ?»

በከዘራው ጫፍ መሬቱን ጫረ። «እሱንም እኔው ነኝ» አለ በመጨረሻ።

አክስቴ ከወጣቷ እጅ መቁረጫውን ተቀብላ ራሷ ቆረጠች፤ ከ«ሌባ አስለቅስ»፣ ከ«እንግዳ»፣ ከ«አታስጠብቂኝ»፤ እንደ ሕፃን አቅፋ አስረከበቻት። «መራራው የቱ እንደሆነ እንዳይጠፋብሽ» አለቻት። «ለየብቻ እሰሪው።»

መኪናዋ ስትሄድ አባቴ ወደ እናቴ ዞረ። ፊቱ ላይ ትንሽ እፎይታ ነበረ፤ ያ እፎይታ ነው ከሁሉ ያናደደኝ። «ሰማሽ አይደል?» አላት። «ይኸው ተናገርኩ።»

እናቴ ገለባውን ከቀሚሷ ላይ አራገፈች። «ሰማሁ» አለችው። «ለባለመኪናዎቹ ነገርካቸው። እኔ ካንተ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ነው ያረጀሁት።»

ተነሥታ ገባች፤ ወደ አክስቴ ቤት፣ በፊት ለፊቱ በር። እራት ሰዓት ደረሰ፤ አልወጣችም። አደረች። በማግስቱ ልብሷን እንዳመጣላት ላከችኝ። ቀሚሶቿን ስሰበስብ አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።

«መቼ ነው የምትመለሰው?» አለኝ።

«አልነገረችኝም።»

«ጠይቂያታ።»

«አንተ ጠይቃት» አልኩት፣ ጥቅሉን ታቅፌ በአጠገቡ እያለፍኩ። «የምትጠይቃትን ታውቀዋለህ።»

ከእኛ ቤት እስከ አክስቴ ቤት ያለው መንገድ ለሽማግሌ እግርም ሩቅ አይደለም። ይኸው ዓመት ሊሞላ ነው፤ እስከ ዛሬ አልሄደም።